መንገዱ የጋራ ነው፤ መኪናና እንስሳ እንዳይጋጩ ምን እናድርግ?

መንገድ ወደ አንድ አገር ሲገባ ብዙ ነገር ይዞ ይገባል። ጨው ይገባል። ስኳር ይገባል። ማዳበሪያ ይገባል። የታመመ ሰው ቶሎ ሐኪም ቤት ይደርሳል። እህላችን ገበያ ይወጣል። ይህ ሁሉ የመንገድ በረከት ነው።

ነገር ግን መንገድ ሲገባ አደጋም አብሮ ይገባል። ድሮ በሬ ሜዳ ሲያቋርጥ የሚያሰጋው ጅብና ገደል ነበር። ዛሬ ሌላም ነገር አለ። አውቶቡስ አለ። አይሱዙ አለ። ሚኒባስ አለ። እነዚህ ከጅብ ይልቅ ይፈጥናሉ። ቀንም ይመጣሉ፤ ማታም ይመጣሉ።

በዚህ ሳምንት የምንነጋገረው ስለዚህ ነገር ነው። መኪናና እንስሳ ለምን ይጋጫሉ? ሾፌር ምን ማድረግ ይገባዋል? ባለ ከብትስ ምን ማድረግ ይገባዋል? ቀስ ብለን እናንብብ። ያልገባን ቦታ ካለ መልሰን እናንብብ።

ጉዳቱ የማን ነው?

በየሻይ ቤቱ አንድ ክርክር ይሰማል። ሾፌርና ገበሬ የሚከራከሩት ክርክር ነው።

ሾፌሩ «አባቴ፣ እኛ በመንገዳችን ነው የምንሄደው። እናንተ ናችሁ ከብቱን የምትጥሉብን» ይላል።

ገበሬው ደግሞ «ልጄ፣ ውሃው ከመንገዱ ወዲያ ነው። ቤቴ ከመንገዱ ወዲህ ነው። ታዲያ ላሜ ውሃ ሳትጠጣ ትደር?» ይላል።

እኛ የሁለቱንም እንሰማለን። ሁለቱም እውነት አላቸው። ግን ክርክሩ ብቻውን በሬ አያድንም። መኪናም አያድንም።

አንድ ግጭት ሲደርስ ምን እንደሚጠፋ እንቁጠር። በመጀመሪያ እንስሳው ይሞታል። የታረሰው መሬት ግማሽ ላይ ይቀራል። አንድ በሬ ሲሞት ጥንዱ ይፈርሳል፤ ብቻውን የቀረው በሬ አያርስም። ሁለተኛ፣ የመኪናው ኮፈን ይጨፈለቃል። ራዲያተሩ ይቀደዳል። መብራቱ ይሰበራል። መኪናው ሳምንት ሁለት ሳምንት ይቆማል። ሥራ የፈታ መኪና ደግሞ ዳቦ አያመጣም። ሦስተኛውና ትልቁ የሰው ሕይወት ነው። ሾፌሩ ከእንስሳው ለመሸሽ መሪውን ሲያዞር መኪናው ይገለበጣል። በውስጡ እናት አለች። ሕፃን አለ። ለገበያ የሄደ ጎረቤታችን አለ።

እንግዲህ ጉዳቱ የሾፌሩ ብቻ አይደለም። የገበሬውም ብቻ አይደለም። የሁላችንም ነው።

የጋይሳይ ሜዳና የደጋ አጋዘን

አደጋው በቤት እንስሳ ላይ ብቻ አይደርስም። በዱር እንስሳም ላይ ይደርሳል። ለምሳሌ ወደ ባሌ እንሂድ።

ከሻሸመኔ ተነስቶ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ሮቤ የሚወስድ መንገድ አለ። ይህ መንገድ ዲንሾ የምትባል ከተማ ይደርሳል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለው በዲንሾ ነው። ብሔራዊ ፓርክ ማለት የዱር አራዊትና ደን በሕግ የሚጠበቁበት ቦታ ነው። ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

በዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። ሜዳው ሣር አለው። ቁጥቋጦ አለው። ውሃ አለው። መንገዱ በዚህ አገር በኩል ያልፋል። በዚህ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን ይሰማራል።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አገር አይገኝም። ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ ይኖራል። ወንዱ ትልቅ ነው፤ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህ ማለት ከሁለት ኩንታል በላይ ማለት ነው። ቀንዱ ጠምዛዛ ነው። ሴቷ ቀንድ የላትም።

ይህ እንስሳ ጠራራ ፀሐይ አይወድም። ቀን በቁጥቋጦ ውስጥ ይተኛል። ማለዳና ማታ ወጥቶ ሣር ይግጣል። እንግዲህ አስተውሉ። አጋዘኑ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ዓይን ሊይዝ ሲል ነው። ሾፌሩም ቶሎ ልድረስ ብሎ የሚነሳው ጎህ ሲቀድ ነው። ሳይመሽ ልግባ ብሎ የሚፈጥነውም ዓይን ሊይዝ ሲል ነው። ሁለቱ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ላይ ይገናኛሉ። ደጋ ስለሆነም ጉም አለ። ጉም ሲኖር ሩቅ አይታይም።

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ደግሞ በሳነቴ አምባ ላይ ያልፋል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በዚያ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀይ ቀበሮም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ከነዚህ መካከል በመኪና ተገጭተው የሞቱ አሉ። ቁጥሩ ጥቂት ለሆነ ዘር አንዱም ብዙ ነው።

ወደ ቆላም ብንወርድ ነገሩ ያው ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል ያልፋል። በዚያ ሳላ አለ። አምባራይሌ አለ። ከርከሮ አለ። የአካባቢው አርብቶ አደር ግመልና ከብትም አለ። ከባድ መኪና ደግሞ ቀንና ሌሊት አይቋረጥም።

እንስሳ ለምን አይሸሽም?

ብዙ ሰው እንዲህ ይጠይቃል። «እንስሳው መኪናውን እያየ ለምን አይሸሽም? ደደብ ነው እንዴ?»

ደደብ አይደለም። ምክንያት አለው።

የበሬ፣ የአጋዘንና የሌሎች ብዙ እንስሳት ዓይን ለጨለማ የተሠራ ነው። በዓይናቸው ውስጥ፣ ከኋላ በኩል፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ነገር አለ። በጨለማ ጥቂት ብርሃን ይበቃቸዋል። ማታ በባትሪ ስናያቸው ዓይናቸው የሚያበራው በዚህ ምክንያት ነው። ታዲያ ለትንሽ ብርሃን የተሠራ ዓይን በድንገት ኃይለኛ መብራት ሲበራበት ይጨልምበታል። እንስሳው ወዴት እንደሚሄድ ያጣል። ዝም ብሎ ይቆማል።

ሌላም ምክንያት አለ። የዱር እንስሳ የሚያውቀው አንበሳን ነው፤ ጅብን ነው፤ ነብርን ነው። ለነዚህ የሚሆን ብልሃት አለው። ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ያዳምጣል፤ አደጋው ሲቀርብ በድንገት ይዘላል። ይህ ብልሃት ከነብር ያድናል። ከመኪና ግን አያድንም። መኪና በአንድ ሰከንድ ብዙ ሜትር ይሄዳል።

ደግሞ እንስሳ በመንጋ ይሄዳል። አንዱ ከተሻገረ ሌላው ይከተላል። እናት ከተሻገረች ጥጃዋ ትከተላለች። ሾፌሩ የፊተኛዋን አይቶ «አለፈች» ብሎ ፍጥነት ሲጨምር ጥጃዋ ከፊቱ ትገባለች።

የፍጥነት ነገር

አሁን ጥቂት ሂሳብ እንሥራ። ሂሳብ የተማርነው ለዚህ ነው።

ሾፌር አንድ ነገር ሲያይ ወዲያው ፍሬን አይረግጥም። ዓይኑ ያያል፤ አእምሮው ያስባል፤ እግሩ ይነሳል። ይህ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጃል። በዚህ ጊዜ መኪናው ይሄዳል። ፍሬን ከተረገጠም በኋላ መኪናው ወዲያው አይቆምም።

በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ጥሩ ፍሬን ያለውን ትንሽ መኪና እንውሰድ።

መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ለመቆም 26 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 45 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ 70 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል።

እስቲ አስተውሉ። ፍጥነቱ ከ40 ወደ 80 ሲሄድ እጥፍ ሆነ። የመቆሚያው ርቀት ግን ከእጥፍም በለጠ። ምክንያቱም ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የመኪናው የመምታት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ፍሬን ይህን አራት እጥፍ ኃይል ማብረድ አለበት። ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ርቀቱ ይጨምራል። መኪናው ከባድ ጭነት ከጫነ ይጨምራል። ጎማው ካለቀ ይጨምራል። ጠጠር መንገድ ከሆነም ይጨምራል።

70 ሜትር ምን ያህል ነው? ወደ ሜዳ ውጡ። አንድ ትልቅ እርምጃ አንድ ሜትር ያህል ነው። 70 ትልልቅ እርምጃ ተራመዱ። ዞር ብላችሁ የተነሳችሁበትን ቦታ እዩ። በ80 የሚከንፍ መኪና ያን ያህል ቦታ ሳይጨርስ አይቆምም።

አሁን መብራቱን እንጨምር። የመኪና አጭር መብራት መንገዱን ከ40 እስከ 50 ሜትር ያህል ያሳያል። ሾፌሩ በ80 እየሄደ እንስሳ በ50 ሜትር ላይ ቢያይ ምን ይሆናል? ለመቆም 70 ሜትር ይፈልጋል። ያለው 50 ሜትር ነው። 20 ሜትር ጎደለው። በጎደለው 20 ሜትር ውስጥ የሚቆመው በሬው ነው።

ስለዚህ ሾፌሩ ጎበዝ ስለሆነ አይድንም። ፍሬኑ አዲስ ስለሆነም አይድንም። የሚድነው መብራቱ በሚያሳየው ርቀት ውስጥ መቆም በሚችልበት ፍጥነት ከሄደ ብቻ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ሾፌር ምን ያድርግ?

ከመካከላችን ሾፌር የሆነ አለ። ልጁ ረዳት የሆነ አለ። ሌሎቻችንም ተሳፋሪ ነን። ተሳፋሪም ቢሆን ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። «ወንድሜ፣ እንስሳ ያለበት አገር ነው፤ እባክህ ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም።

1ኛ. ሳይነሱ መመልከት። የፊት መብራቱንና የፊት መስታወቱን መጥረግ ያስፈልጋል። ጭቃ የለበሰ መብራት ግማሽ ብርሃኑ የለም ማለት ነው። ፍሬንና ጎማ መታየት አለባቸው።

2ኛ. ማለዳ፣ ሲመሽና ማታ ፍጥነት መቀነስ። እንስሳ በሚበዛበት አገር በአጭር መብራት የሚሄድ ሰው ከ50 ባያልፍ ይሻላል። ጉም ካለ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይበል።

3ኛ. የእንስሳ ሥዕል ያለበትን ምልክት ማክበር። ምልክቱ የተተከለው ለጌጥ አይደለም። በዚያ ቦታ እንስሳ የሚሻገር ስለሆነ ነው።

4ኛ. ከፊት መኪና በማይመጣበት ጊዜ ረዥም መብራት ማብራት። እንስሳው መንገድ ላይ ቆሞ ከታየ ግን ፍጥነት ቀንሶ መብራቱን ዝቅ ማድረግ። ያን ጊዜ ዓይኑ ይመለስለታል፤ መሸሻውንም ያያል።

5ኛ. የመንገዱን መካከል ብቻ ሳይሆን ዳሩንም ማየት። ሁለት የሚያበሩ ነጥቦች ከታዩ የእንስሳ ዓይን ነው። ረዳት ካለ እሱም አብሮ ይመልከት።

6ኛ. አንዱ ከተሻገረ ሌላ ይከተላል ብሎ መጠበቅ። መንጋው አልፎ እስኪያበቃ መታገስ ያስፈልጋል።

7ኛ. ጥሩንባ ከሩቅ መንፋት። አጠገብ ደርሶ ማንባረቅ እንስሳውን ያስበረግጋል። የበረገገ እንስሳ ደግሞ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም።

8ኛ. መሪን በድንገት አለማዞር። ይህ ትልቁ ምክር ነው። እንስሳው ድንገት ቢገባ ፍሬን አጥብቆ መርገጥና መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ይሻላል። መሪ የሚያዞር ሾፌር ወደ ገደል ይገባል፤ ወይም ከፊት ከሚመጣ መኪና ጋር ይጋጫል። ከላይ ጭነት የተከመረበት መኪና ደግሞ በቶሎ ይገለበጣል። የበሬ መሞት ያሳዝናል። የ12 ሰው መሞት ግን አይመለስም። ማለፍ የግድ ከሆነ፣ ፍጥነቱ ከወረደ በኋላ፣ በእንስሳው ጭራ በኩል ማለፍ ነው። እንስሳ ወደፊት ይሄዳል እንጂ ወደኋላ አይሄድም።

9ኛ. የደህንነት ቀበቶ ማሰር። ተሳፋሪውም ይሰር።

ብረትና ፉጨት

አንዳንድ ባለ መኪና «እኔ አልሰጋም፤ ከፊት ጠንካራ ብረት አስገጥሜአለሁ» ይላል። ብረቱ ጥቅም አለው። ትንሽ እንስሳ ቢገጭ መብራቱንና ራዲያተሩን ያድናል። መኪናው በረሃ ላይ እንዳይቆም ይረዳል። ነገር ግን ብረቱ ፍጥነት አይቀንስም። በውስጥ ያለውን ሰው ከመናጥ አያድንም። ሰው ከተገጨበት ደግሞ ጉዳቱን ያከብደዋል። ስለዚህ ብረት ያስገጠመ ሰው ከሌላው የበለጠ ይጠንቀቅ እንጂ አይፍጠን።

በውጭ አገር ደግሞ አንዲት ትንሽ ፊሽካ ትሸጣለች። በመኪናው ፊት ትለጠፋለች። መኪናው ሲሮጥ ነፋስ ይነፋታል። «አጋዘን ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል» ተብሎ ይነገርላታል። አዋቂዎች ሞክረዋት ነበር። እንስሳቱ በፊሽካዋ ምክንያት ከመንገድ ሲሸሹ አልታዩም። ገንዘብ ያላችሁ ሰዎች፣ ገንዘቡን ለፍሬንና ለመብራት አውሉት።

የግመል ነገር

ግመል ለብቻው ይነገርለት። ግመል እግሩ ረዥም ነው። ሰውነቱ ከላይ ነው። ትንሽ መኪና ግመል ሲገጭ የሚመታው እግሩን ነው። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ክብደት ኮፈኑ ላይ ተንከባሎ በፊት መስታወቱ ውስጥ ይገባል። የሚወድቀው በሾፌሩ ራስና አንገት ላይ ነው። ከፊት የተገጠመው ብረት እዚህ ላይ አያድንም፤ ግመሉ ከብረቱ በላይ ነውና።

ይህ አደጋ በአፋርና በሶማሌ በኩል ላለ መንገድ ሁሉ ያሰጋል። በሳውዲ አረቢያም የታወቀ አደጋ ነው። ወገኖቻችን በዚያ አገር ሾፌር ሆነው ይሠራሉ። እነሱም ይህን ይወቁ። በሰሜን አውሮፓ፣ በስዊድን፣ እንደ ግመል እግረ ረዥም የሆነ ትልቅ የዱር እንስሳ አለ። የአጋዘን ዘመድ ነው። እዚያም አደጋው እንዲሁ ነው። መፍትሔው በሁሉም አገር አንድ ነው። ማታ በግመል አገር ቀስ ብሎ መሄድ ነው።

ሌላው አገር ምን አደረገ?

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ነው ብለን አንዘን። በአሜሪካ አጋዘን በጣም ብዙ ነው። የእነሱ አጋዘን ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ነው። በየዓመቱ ይረግፍና እንደገና ይበቅላል። የእኛ አጋዘን ቀንድ ግን አይረግፍም። በአሜሪካ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ ግጭት በመኪናና በአጋዘን መካከል ይደርሳል። ሰውም ይሞታል። ግጭቱ በጣም የሚበዛው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያን ጊዜ ወንዱ ሴቷን ፍለጋ ይሮጣል። በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ታክሲ የሚነዱም አሉ። በዚያም አገር አጋዘን ከጫካ ወጥቶ መንገድ ይገባባቸዋል።

በካናዳ አገር ባንፍ የሚባል ፓርክ አለ። በመካከሉ ትልቅ አውራ ጎዳና ያልፋል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ከመንገዱ ግራና ቀኝ ረዥም አጥር አጠሩ። አጥሩ ብቻ ቢሆን እንስሳቱ ተቆራርጠው ይቀሩ ነበር፤ ግጦሽና ውሃም ያጡ ነበር። ስለዚህ ከመንገዱ በታች ማሳለፊያ ሠሩ። ከመንገዱ በላይም ሰፊ ድልድይ ሠሩ። በድልድዩ ላይ አፈር ከመሩ፤ ሣርና ዛፍ ተከሉ። እንስሳቱ መጀመሪያ ፈሩ። ቀስ በቀስ ግን ለመዱት። ድብም፣ ተኩላም፣ አጋዘንም በድልድዩ ያልፋል። ግጭቱ ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ይህ ማለት ድሮ 10 እንስሳ ይገጭ ከነበረ አሁን 2 እንኳ አይሞላም ማለት ነው።

በአገራችንም አጥር ያለው መንገድ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ታጥሯል።  እንስሳ ወደዚያ መግባት የለበትም። አጥሩን ቆርጦ ከብት የሚያሻግር ሰው የገዛ ከብቱን ወደ ሞት ይነዳል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡርም በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ባቡር መሪ የለውም፤ ወደ ጎን ማለት አይችልም። በቶሎም አይቆምም። በሐዲዱ ላይ ከብትና ግመል ሞተዋል። ስለዚህ ሐዲድ መሻገር በተፈቀደ መሻገሪያ ብቻ ነው።

ባለ ከብት ምን ያድርግ?

ድልድይና አጥር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ነገር ግን ያለ ገንዘብ የምንሠራው ሥራም አለ።

1ኛ. ከብት በቀን እናሻግር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤት እንመልስ። ማታ በመንገድ ዳር የቀረ በሬ፣ በተለይ ጥቁር በሬ፣ ለሾፌር አይታይም።

2ኛ. የምናሻግርበት ቦታ ይመረጥ። ቀጥ ያለ፣ ከሁለት ወገን ሩቅ የሚታይ ቦታ ጥሩ ነው። ከመታጠፊያ ኋላና ከአቀበት ጫፍ አናሻግር። ሾፌሩ እዚያ አያየንም።

3ኛ. ለአንድ ሕፃን ብዙ ከብት አንስጥ። ሲሻገር አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይሁን። ከፊት ያለው ነጭ ጨርቅ ይዞ ያመልክት።

4ኛ. ከብት በአስፋልት ዳር አናስር። ገመዱ ረዥም ከሆነ እንስሳው መንገዱ መካከል ይደርሳል።

5ኛ. እህል በአስፋልት ላይ አናስጣ፤ አንውቃም። የተበተነ እህል ፍየልንም፣ አህያንም፣ ወፍንም ይጠራል። ሰውም ይገጭበታል።

6ኛ. የሞተ እንስሳ ከመንገድ ይነሳ። ጥንብ መንገድ ላይ ከቀረ ጅብ ይመጣል፤ ቀበሮ ይመጣል፤ አሞራ ይመጣል። እነሱም በተራቸው ይገጫሉ። አንድ ሞት ሌላ ሞት ይጠራል ማለት ነው። መንገድ ስናጸዳ ግን አንድ ሰው ቆሞ መኪና ይጠብቅ።

7ኛ. በጋሪው ኋላ የሚያንጸባርቅ ነገር እንለጥፍ። የመኪና መብራት ሲያርፍበት ከሩቅ ይታያል። ይህ ካልተገኘ ነጭ ቀለም መቀባት ከምንም ይሻላል።

8ኛ. ቀበሌው ይምከር። ከብት በብዛት የሚሻገርበት ቦታ የት ነው? ምልክት አለ ወይ? ከሌለ ለወረዳውና ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ እንጠይቅ። አሁን መጻፍ እንችላለን። ማመልከቻውን ሌላ ሰው እንዲጽፍልን ገንዘብ አንከፍልም።

ግጭት ቢደርስስ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። መከላከል ይሻላል። ነገር ግን ግጭት ከደረሰ እንዲህ እናድርግ።

መኪናው ከተቻለ ከመንገዱ ዳር ይቁም። የማስጠንቀቂያ መብራት ይብራ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ከኋላ ራቅ ተደርጎ ይቀመጥ። ምልክት ከሌለ የዛፍ ቅርንጫፍ እናስቀምጥ። ስንሄድ ግን ቅርንጫፉን እናንሳ። ድንጋይ ደርድሮ ትቶ መሄድ ሌላ ሰው መግደል ነው።

ሰው ተጎድቶ እንደሆነ አስቀድሞ ሰው ይታይ። ደም የሚፈሰው ሰው በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝለት። ከዚያ ሐኪም ቤት ይድረስ።

የቆሰለ እንስሳ አጠገብ አንጠጋ። የቆሰለ አጋዘን በቀንዱ ይወጋል። የቆሰለ በሬም ይራገጣል። የዱር እንስሳ ከሆነ ለፓርኩ ጠባቂዎች ወይም ለፖሊስ እንንገር። ሥጋውን መካፈል፣ ቀንዱን መውሰድ አይገባም።

ባለ ከብትና ሾፌር ደግሞ አይደባደቡ። ፖሊስ ይጠራ። ነገሩ በሕግ ይታያል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለሁለቱም ይናገራል። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የእንስሳ ባለቤትም እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ስለዚህ «ሁልጊዜ የሚከፍለው መኪና ነው» ማለት ልክ አይደለም። «ሁልጊዜ ጥፋቱ የገበሬው ነው» ማለትም ልክ አይደለም። ባለ መኪናም ይህን ይወቅ። የሦስተኛ ወገን መድን የሚሸፍነው በሌላው ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት ነው። የራሱን መኪና ማሠሪያ አይሰጠውም።

እንነጋገርበት

ይህን ጽሑፍ አንብበን ስንጨርስ ተሰብስበን በነዚህ ጥያቄዎች ላይ እንነጋገር።

ሀ. በቀበሌአችን ከብት የሚሻገርበት ዋናው ቦታ የት ነው? ሾፌር ከሩቅ ያየዋል ወይ?

ለ. በ80 የሚሄድ መኪና በአጭር መብራት ያየውን በሬ ለምን ሳይገጭ መቆም ያቅተዋል? ሂሳቡን በመሬት ላይ በእርምጃ አሳዩ።

ሐ. ማታ ከብት ሳይመለስ ሲቀር ማን ይፈልገዋል? በየተራ ብንወጣስ?

መ. ከአካባቢአችን የዱር እንስሳት መካከል መንገድ የሚሻገረው የትኛው ነው? በስንት ሰዓት ይወጣል?

ውሃው ከመንገዱ ወዲያ፣ ቤታችን ከመንገዱ ወዲህ ሆኖ ይኖራል። መኪናውም መምጣቱን አይተውም። አጋዘኑም ማለዳ ሣሩን ፍለጋ ይወጣል። ሁሉም መንገዱን ይፈልገዋል። ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት እናንብብለት። በተለይ ከብት ለሚጠብቅ ልጅና ማታ ለሚነዳ ሾፌር እናንብብለት።